ድሬ ዳዋ፥ የሐዲድ ልጅ



በእንግሊዝ አገር በዱርሃም አውራጃ የድንጋይ ከሰል እየተቆፈረ የሚወጣባቸው ብዙ መንደሮች ነበሩ። ቤቱም፥ ሱቁም፥ ትምህርት ቤቱም የቆመው በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ ነበር። ጉድጓዱ በተዘጋ ጊዜ አንዳንዱ መንደር ፈረሰ፤ አንዳንዱ ግን ሰዎቹ ጠዋት ወደ ሌላ ከተማ ለሥራ ሄደው ማታ ለማደር የሚመለሱበት ሰፈር ሆነ። በድሬ ዳዋ የከሰል ጉድጓድ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከአንድ ሥራ የተወለደ ከተማ ያ ሥራ ሲቀርበት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ለሚሻ ሰው፥ በኢትዮጵያ ከድሬ ዳዋ የሚሻል ምስክር አይገኝም።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የምድር ባቡርን ሥራ ለሙሴ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሐረር ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ስለ ሆነች፥ ተራራውን ለመውጣት የሚያስፈልገው ወጪ ለኩባንያው የማይቻል ሆነ። ስለዚህም ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ካለው ሜዳ ደርሶ ቆመ፤ ባቡሩም በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ገባ። ሥፍራው አዲስ ሐረር ተብሎ ነበር፤ ስሙ ግን አልጸናም። የጸናው ሕዝቡ የሚጠራበት ድሬ ዳዋ ነው።

ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬ ዳዋም የጉዞው መካከል፥ የባቡሩም መጠገኛ ሆና ቀረች። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ ተሠራ፤ ከወንዙ ወዲያ መጋላ በገበያው ደመቀ። ፈረንሳዊው፥ ግሪኩ፥ አርመኑ፥ ዐረቡና ሕንዱ ከኦሮሞው፥ ከሶማሌው፥ ከአማራው፥ ከጉራጌውና ከሐረሪው ጋር ጎረቤት ሆነ። የኩባንያው ሠራተኛ ከቤቱ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ሥራው ይደርስ ነበር። ይህ ነገር ቀላል መስሎ ይታያል፤ የሰፈሩን ጠባይ የሠራው ግን እርሱ ነው። የሥራ ባልደረባው የዕድሩ አባልም፥ የልጁ ክርስትና አባትም ሊሆን የሚችለው ሰው ከሥራው አጠገብ ሲኖር ነውና።

መድከሙ በአንድ ቀን አልመጣም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ በሆነ ጊዜ መስመሩ ተቆረጠ፤ ከዚያም ሐዲዱ አረጀ፥ ጭነቱንም የጭነት መኪና ወሰደው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ቀረ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ከተማይቱ አበቃላት ብሎ ነበር። ፍርዱ ግን የቸኰለ ነበር፤ የሲሚንቶ ፋብሪካና የቀፊራ ንግድ ባቡሩ ስላቆመ አልቆሙምና።

ሁለተኛው ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። እርሱ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ በአንድ ሜትር ስፋት በተዘረጋው በአሮጌው ሐዲድም ላይ አይሄድም። ጣቢያውም በከዚራ መካከል ሳይሆን ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። የኢንዱስትሪ ፓርኩም እንዲሁ በከተማው ዳር ሲሆን፥ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና ሥራው በድሬ ዳዋ ተጀመረ። እንግዲህ ቀድሞ ሥራው ወደ ሰፈሩ መጥቶ ነበር፤ አሁን ሰፈርተኛው ወደ ሥራው ይሄዳል። ሳቢያንን የመሰሉ ሰፈሮች ሰፍተዋል፤ ወጣቱም ጠዋት በመኪና ወይም በባጃጅ ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። እንጀራው ተገኝቷል፤ ይህን መናቅ አይገባም። ነገር ግን በመንገድ ያለቀው ሰዓት የሚቀነሰው ከቤተ ሰብ፥ ከጎረቤትና ከሰንበቴ ጊዜ ነው። የዱርሃም ሰዎችም ያጋጠማቸው ይኸው ነው።

የሙያው ነገር ግን ከዚህ ይበልጥ ያሳስባል። በአሮጌው የባቡር መጠገኛ ውስጥ ፉርጎዎችና የብረት መቍረጫ መሣሪያዎች እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ መሣሪያውን የሚያውቁት ሰዎች ግን በዕድሜ ገፍተዋል። አዲሱን መስመር በመጀመሪያ የቻይና ኩባንያዎች ሲያስተዳድሩት ቆይተው፥ በ2016 ዓ.ም. ሥራውን ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን አስረክበዋል። አሮጌው ኩባንያ ለአባቶች እንዳስተማረ ሁሉ፥ ይህም መስመር ለድሬ ዳዋ ልጆች ሙያ ያስተምር ዘንድ መጠየቅ የሚገባው አዛውንቶቹ ገና በሕይወት ሳሉ ነው።