በደም ውስጥ ስላለው ስብ ለመምህራንና ለሽማግሎች የተሰጠ ንግግር



ከበሽታ መካከል አታላዩ ሕመም ሳያሰማ የሚመጣው ነው። ወባ የያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ቍስል ያለበትም ያቃስታል፤ ስለዚህ ሁለቱም መድኃኒት ይፈልጋሉ። በደሙ ውስጥ ስብ የበዛበት ሰው ግን ያርሳል፤ ይበላል፤ ደኅና እንቅልፍ ይተኛል፤ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን በድንገት ደረቱን ይዞ ይወድቃል። ዘመዶቹም «ትናንት ደኅና ነበረ» እያሉ ያለቅሳሉ። ነገር ግን ትናንትም ደኅና አልነበረም።

ስብ በራሱ የሰው ጠላት አይደለም። ኮሌስትሮል የሚባለው ስብ ሰውነትን ለመገንባትና ሐሞትን ለመሥራት ያስፈልጋል፤ አብዛኛውንም ሰውነት ራሱ ይሠራዋል። ትሪግሊሰራይድ የሚባለውም ሰውነት ለኋላ ኃይል የሚያኖረው ስንቅ ነው። ቅቤ በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ስብም ከደም ጋር ስለማይዋሐድ በልዩ ልዩ ተሸካሚዎች ተጠቅልሎ ይጓዛል። አንደኛው ተሸካሚ ኮሌስትሮሉን ወደ ሰውነት ሁሉ ያደርሳል፤ ሁለተኛው የተረፈውን ለቅሞ ወደ ጉበት ይመልሳል። የፊተኛው ከልክ ሲያልፍ ስቡ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይጋገራል፤ የመስኖ ቦይ በደለል እንደሚጠብ ሥሩም ይጠባል። የተጋገረው ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ይረጋል፤ መንገዱም ይዘጋል። ይህ በልብ ሥር ቢሆን የልብ ሥጋ ይሞታል፤ በአንጎል ሥር ቢሆን ሰውየው ሽባ ይሆናል ወይም አንደበቱ ይያዛል። ትሪግሊሰራይድም እጅግ ሲበዛ ቆሽትን ያሳብጣል፤ ይህም ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ይህ ጕዳት ሊገታ የሚችል መሆኑን የፊንላንድ አገር ታሪክ ያስረዳል። በዚያ አገር በምሥራቅ በኩል ሰሜን ካሬሊያ የሚባል የገበሬዎችና የደን ሠራተኞች አውራጃ አለ። ሕዝቡ ላም አርቢ ስለ ነበረ ዳቦውን በቅቤ እየቀባ ይበላ፥ ስቡ ያልተገፈፈ ወተትም ይጠጣ ነበር፤ ከወንዶቹም ብዙዎቹ ትምባሆ ያጤሱ ነበር። ክንዳቸው ብርቱ፥ ሥራቸው ከባድ ሆኖ ሳለ በጕልምስናቸው በልብ በሽታ ይሞቱ ነበርና ብዙ ቤት ያለ አባት ቀረ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971 ዓመት የአውራጃው ሹማምትና የሕዝብ እንደራሴዎች ለመንግሥታቸው አቤቱታ አቀረቡ፤ በ1972ም ፔካ ፑስካ በሚባል ወጣት ሐኪም መሪነት ሥራው ተጀመረ።

ሐኪሞቹ የሕዝቡን ደም መረመሩ፤ የቤት እመቤቶች ማኅበርም በየመንደሩ ሴቶችን እየሰበሰበ ቅቤው ያነሰ፥ አትክልቱ የበዛ ምግብ አሠራር አሳየ። ኋላም መንደሮች የደማቸውን ኮሌስትሮል ለመቀነስ እርስ በርሳቸው ተወዳደሩ። 40 ዓመት ያህል ባለፈ ጊዜ፥ ለሥራ በደረሰው ዕድሜ ካሉት ወንዶች መካከል በልብ ሥር በሽታ የሚሞቱት ቍጥር ከአምስት አራት እጅ በላይ ቀነሰ። ከምክንያቶቹም ታላቁ የኮሌስትሮሉ መውረድ ነበረ።

በኢትዮጵያም ጮማ የጥጋብና የክብር ምልክት ነው፤ የወፈረውንም ሰው «አማረበት» ይሉታል። ነገር ግን ቀጭኑም ቢሆን የደሙ ስብ ሊበዛ ይችላል፤ ከወላጅ የሚወረስ ዓይነት አለና። ስለዚህ አባቱ ወይም ወንድሙ ከ55 ዓመት በፊት፥ እናቱ ወይም እኅቱ ከ65 ዓመት በፊት በልብ ሥር በሽታ የተያዙበት ሰው ሁሉ፥ የስኳር በሽታ ወይም የደም ብዛት ያለበትም እንዲሁ፥ ላቦራቶሪ ወዳለበት ሐኪም ቤት ሄዶ ደሙን ያስመርምር። ያለ ምርመራ ልኩን የሚያውቅ የለም።

ቅቤና ጮማ በልክ ይሁን፤ ምስር፥ ሽሮ፥ ባቄላና ጎመን ይዘውተሩ። የጾም ወጥ እንኳ በሚረጋው ዘይት ሲሠራ ጥቅሙ ይጐድላልና በፈሳሹ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት መሥራት ይሻላል። ትምባሆን መተው፥ መጠጥን መቀነስ፥ በእግር መሄድም ይረዳል። ከ1987 ዓመት ጀምሮ ደግሞ በሐኪሞች እጅ የሚገኝ ስታቲን የሚባል የመድኃኒት ወገን አለ፤ ይህ የታዘዘለት ሰው «አላመመኝም» ብሎ በራሱ ፈቃድ አያቋርጠው፤ በሽታው መጀመሪያውኑ ሕመም የሌለው ነውና።

መምህር በትምህርት ቤት የተናገረውን ልጅ ለእናቱ ይነግራል፤ ሽማግሌ በማኅበር ላይ የተናገረውንም ጎረቤት ይሰማል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።