ስለ እንዶድና ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ



የቢልሃርዚያ ትል በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና በጣና ዳር ስንዋኝ በቆዳችን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጡበት እንዶድ ነው እኮ!

የሊቅ ሥራ ሌሎች ሊቃውንት በጽሑፋቸው ሲጠቅሱት ይከብራል ይባላል። ይህ ጥናት ግን አፍሪካ ውስጥ በመሠራቱ በውጭ አገር ቶሎ አልታመነም፤ ነገሩ ያስቆጫል። እርሳቸው አላቋረጡም፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 ቢያርፉም በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ታዲያ እንዶዱን ሐይቃችን ውስጥ እንበትነው የምትሉ ጓደኞቼ ቆዩ፤ ዓሣንም ይገድላል።