ስምንተኛው ቀን፦ ከዲቶክስ በኋላ ስላለው ሕክምና

(በባች መገናኛ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀረበ ንግግር)



ከምሳ በኋላ፣ ያውም ክትፎ ከተበላ በኋላ ንግግር ማድረግ ምን ዓይነት ቅጣት እንደሆነ ይገባችኋል። አዘጋጆቹ መጀመሪያ የሰጡኝ ርዕስ «የዲያስፖራ ሐኪም ተሞክሮ» የሚል ነበር። ስለ ቦርድ ፈተናና ስለ ሬዚደንሲ ግን ከኔ የተሻለ የሚያወራ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሞልቷል። እኔ ብዙ ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ስላለ እሱን ልናገር ብዬ ለመንኳቸው፤ ፈቀዱልኝ።

በ1998 ዓ.ም. ስንመረቅ ዕጣ አውጥተን እንደተበተንን ታስታውሳላችሁ። ለኔ የደረሰኝን ሆስፒታል አልጠቅስም። ሦስት ጠቅላላ ሐኪሞች ነበርን። አንደኛው ከኛ ሁለት ዓመት ቀድሞ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እህቱ ግን ታሪኩን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲ-ሴክሽን ብቻዬን ስሠራ ከፊቴ ቆሞ፣ እጁን አጣጥፎ «ቀጥዪ፣ ጥሩ ነው፣ ቀጥዪ» ይለኝ የነበረው እሱ ነው።

የኩላሊት ጠጠር ነበረበት። አንድ ሌሊት ሲያጣድፈው ፔቲዲን ተወጋ። ከዚያ በኋላ ጠጠሩ ወጣ፣ ፔቲዲኑ ግን ቀጠለ፤ መጀመሪያ ለዲዩቲ ድካም፣ ቀጥሎ ለእንቅልፍ፣ በመጨረሻ ላለመታመም ብቻ። ያወቅነው የኦፕራሲዮን ክፍሏ ሲስተር አምፑሎቹን ስትቆጥር ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ሲላት ነው። እሷም ለኃላፊ ከመናገሯ በፊት ወደ እኛ መጣች። «ስሙ ይጠፋል፣ ፈቃዱን ይነጠቃል» ተባባልንና ለማንም ሳንናገር በራሳችን ልናድነው ወሰንን።

ቤቱ ውስጥ ዘግተን ተራ ገብተን ጠበቅነው። የነበረን ሪንገር ላክቴት፣ ፕላሲልና ዲያዜፓም ነው። የጫት ሰዎች ሐራራ የሚሉትን ቃል ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ይሄ ግን ሌላ ነው። ያዛጋል፣ ያለቅሳል ሳይሆን ዓይኑና አፍንጫው ዝም ብሎ ይፈሳል፣ ቆዳው እንደተላጨ ዶሮ ይሆናል፣ ያስታውካል፣ ያስቀምጠዋል፣ እግሩ አንድ ቦታ አያርፍም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን የከፋ ነው። በሦስተኛው ሌሊት እግሬ ላይ ወድቆ አንዲት አምፑል ለመነኝ፤ እኔም ከለከልኩትና ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

በስምንተኛው ቀን ተነሥቶ ታጠበ፣ ሽሮ በላ፣ ቀለደም። በግ ገዝተን አረድን። ሰኞ ሥራ ገባ። የመድኃኒት ሳጥኑ ቁልፍ እንደ ወትሮው በተረኛው ሐኪም ኪስ ያድር ነበር፤ ይሄን እንኳ ማሰብ አልቻልንም። ሥራ በገባ በ23ኛው ቀን ተረኛ ሐኪም ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

የሞት ምስክር ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ድንገተኛ የልብ ሕመም» ብዬ ጻፍኩ። ለእናቱም እንደዚያው ነገርኳቸው።

አሁን ፋርማኮሎጂ ያስተማሩን መምህሬ ፊት ለፊት ተቀምጠዋልና እሳቸው ይታገሡኝ። የወሰደው የድሮውን መጠኑን ነው። ኦፒዮይድ ቶሎ ቶሎ ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል፤ ሌላውን ሰው የሚገድለው መጠን ለሱ ከሕመም ማምለጫ ብቻ ይሆናል። ሲቋረጥ ልምዱ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። አምሮቱ ግን አብሮ አይጠፋም። ለዚህ ነው ከዲቶክስ፣ ከእስር ቤት፣ ከሆስፒታል አልጋ የወጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሽታው ካለበት ዘመን ሁሉ የበለጠ አደገኛ የሚሆኑት። እኛ በስምንት ቀን ውስጥ ያደረግነው ነገር ቢኖር የለመደውን መከላከያ አውልቀን፣ ቁልፉን ኪሱ ከትተን፣ በጉን አርደን መልቀቅ ነው።

ይሄ የኛ የገጠር ሆስፒታል ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በስዊድን፣ ስቶክሆልም ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ ወጥቷል። የሄሮይን ጥገኛ የሆኑ 40 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሃያዎቹ በየቀኑ ቡፕረኖርፊን ለአንድ ዓመት ወሰዱ። ሌሎቹ ሃያዎቹ መጠኑ በስድስት ቀን ውስጥ እየተቀነሰ ዲቶክስ ተደረገላቸውና ከዚያ በኋላ ፕላሴቦ ተሰጣቸው። የምክርና የሥነ ልቦና ድጋፉ ለሁለቱም እኩል ነበር። በዓመቱ መጨረሻ መድኃኒቱን ከሚወስዱት 75 ከመቶው ሕክምናው ላይ ነበሩ። ከዲቶክሱ ቡድን አንድም አልቀረም፤ አራቱ ሞተዋል። ይህን ወረቀት መጀመሪያ ያነበብኩት ሬዚደንት ሆኜ ነው። ቀኑን ስመለከት እኛ በጉን ከማረዳችን ዓመታት ቀድሞ የታተመ ነው። ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ወጣሁ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ወደ ሱስ ሕክምና የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው። አሁን የምሠራው ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ባለ ክሊኒክ ሲሆን ከታካሚዎቼ ጥቂት የማይባሉት የአገራችን ሰዎች ልጆች ናቸው። በአሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ በዕፅና በመድኃኒት መጠን መብዛት ከ100 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል፤ አብዛኛው በፈንታኒል። መንገድ ላይ ፐርኮሴት ተብሎ የሚሸጠው ሰማያዊ ክኒን ውስጡ ብዙ ጊዜ ፈንታኒል ነው። ልጁ ክኒን ገዛሁ ይላል፤ የገዛውን አያውቅም።

የመጀመሪያው ሳምንት እኛ ጋ ምን ይመስላል? ታካሚው አንሶላ ነክሶ አይጠብቅም። የሕመም ምልክቶቹን በነጥብ እንለካለን፦ የልብ ምት፣ ላብ፣ የዓይን ብሌን፣ ማዛጋት፣ የቆዳ መሰብሰብ። ነጥቡ በቂ ሲሆን ቡፕረኖርፊን ከምላስ ሥር እንሰጣለን። ቡፕረኖርፊን ሪሴፕተሩን አጥብቆ ይይዛል፣ ግን በከፊል ብቻ ነው የሚቀሰቅሰው፤ ስለዚህ ሕመሙን ያቆማል፣ ትንፋሽ የማቆም ኃይሉ ግን ጣሪያ አለው። ከዲያዜፓም ወይም ከአልኮል ጋር ሲደባለቅ ያ ጣሪያ አያስተማምንም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ መምህሬ ይቆጡኛል። ሜታዶን ደግሞ ሌላው ምርጫ ነው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት፣ ቡፕረኖርፊን ላልበቃቸው ሰዎች የሚሻል መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ግን ቀስ ብሎ ነው መጨመር ያለበት፣ ልብንም በኢሲጂ መከታተል ይፈልጋል። ናልትሬክሶን በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ ነው፤ ለመጀመር ግን ሰውየው ሳምንት ከዚያም በላይ ከኦፒዮይድ ነጻ መሆን ስላለበት ብዙዎቹ እዚያ ሳይደርሱ ይወድቃሉ።

ቡፕረኖርፊንን ቶሎ መስጠት ራሱ ያሳምማል፤ ሪሴፕተሩ ላይ ያለውን ገፍቶ ስለሚያስወጣ። እኔም ተሳስቻለሁ። አንድ ሰውዬ ትናንት ነው የወሰድኩት ሲለኝ አምኜ ስምንት ሚሊግራም ሰጠሁት። ፈንታኒል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ስብ ውስጥ ተከማችቶ ቀናት ይቆያል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰውየው መሬት ላይ ነበር። «ዶክተር፣ አንቺም ገደልሽኝ» አለኝ። «አንቺም» ያላት ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ዛሬ እንዲህ ላሉ ሰዎች ከግማሽ ሚሊግራም ጀምረን በቀናት ውስጥ ከፍ እያደረግን እንወጣለን።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ በእውነቱ ቀላሉ ክፍል ነው።

ከባዱን አንዲት እናት አስተማሩኝ። ሰው እንዳይለያቸው ነገሮችን ለውጫለሁ። ልጃቸው ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነው። ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት የዕቁባቸውን ገንዘብ ከፍለው ሌላ ስቴት ውስጥ 30 ቀን አስገብተውት ነበር። ያለ ምንም መድኃኒት «ንጹሕ» ተብሎ ተመለሰ። በአሥራ ምናምነኛው ቀን ሻወር ቤት ወድቆ አገኙት፤ የጎረቤት ልጅ ናርካን ይዞ ሮጦ ባይደርስ አብቅቶለት ነበር። እኔ 16 ሚሊግራም ጀመርኩለት፤ ሥራ ገባ፣ ወፈረ። ከሁለት ወር በኋላ ግን አምሮቱ ተመለሰብኝ፣ ሌሊት ያልበኛል ይለኝ ጀመር። ግራ ገባኝ። ለካ እናትየው በየማታው ግማሹን እየሰበሩ ይደብቁበት ነበር! «ልጄ፣ ቀስ ብዬ ላስለቅቀው ብዬ ነው» አሉኝ። «መቼ ነው የሚያቆመው? አንቺ እኮ ሱሱን በሌላ ሱስ ነው የተካሽበት።»

ያን ቀን ያልኳቸውን እዚህ ልድገመው፣ ምክንያቱም ይሄን ጥያቄ ከሐኪሞችም እሰማለሁ። ሱስ ማለት መድኃኒት በየቀኑ መዋጥ አይደለም። ያስመስለው የነበረው፣ የሰረቀው፣ ከሥራ ያስወጣው፣ ሻወር ቤት የጣለው ነው ሱስ። አሁን በየጠዋቱ አንድ ነገር ከምላሱ ሥር አድርጎ ሥራ ይሄዳል። «እርስዎስ የደም ግፊትዎን ክኒን መቼ ነው የሚያቆሙት?» አልኳቸው። ሳቁና «እኔማ እስክሞት ነው» አሉኝ። አሁን የሁለቱም መድኃኒት አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ልጁም እናቱም በቡና ሰዓት ነው የሚወስዱት።

ለስንት ጊዜ? ቢያንስ ከዓመት በላይ፣ ለብዙዎች ለዓመታት፣ ለአንዳንዶች ዕድሜ ልክ። ማቆም የሚፈልግ ሰው ሲመጣ በወራት ውስጥ እንቀንስለታለን፣ ሲያገረሽበትም ያለ ስብከት እንመልሰዋለን። አብሮት ያለውን ድብርት፣ ጭንቀት፣ የሥራ ማጣት ካልያዝንለት ክኒኑ ብቻውን አይበቃውም። ምክር የማይፈልግ ሰው ቢመጣም ግን መድኃኒቱን አልከለክለውም።

ይህን ለኛ ትውልድ ማስረዳት አይከብድም ብዬ አስባለሁ። በጥር 1997 ዓ.ም. ነጻ የኤችአይቪ መድኃኒት ሲጀመር ተማሪዎች ነበርን፤ አልጋ ሞልቶ ከወለሉ ላይ ሰው ስናይ የነበርን ልጆች ነን። ያኔም «ተሽሎታል፣ ያቁም» የሚል ቤተሰብ ነበር፤ ጸበል ሄዶ መድኃኒቱን የጣለም ነበር። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሂዱ ማለታቸው ስንቱን እንዳዳነ ታውቃላችሁ። እኔም ዛሬ ልጄን ጸበል ልወስደው ነው ለሚሉኝ ቤተሰቦች ሂዱ እላለሁ፣ የሁለት ሳምንቱን መድኃኒት ቆጥሬ እሰጣለሁ። አባቶችን በስልክ ያነጋገርኩባቸው ጊዜያት አሉ፤ ከአንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ይልቅ ቶሎ ነው የገባቸው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። «ይሄ የአሜሪካ ጣጣ ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ ትራማዶል ወጣቶቻችን እጅ ላይ እንዳለ ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ፔቲዲኑም ያለው በየኦፕራሲዮን ክፍላችን ነው። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ታንዛኒያ ሙሂምቢሊ ላይ በ2011፣ ኬንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ሜታዶን ጀምረዋል፤ ሩቅ አገር አይደሉም።

መምህሮቻችንን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። እኛ ስለ ኦፒዮይድ ሱስ የተማርነው ስለ መመረዝ ባለ አንድ ሌክቸር ጥግ ነበር። ለኢንተርኖች አንድ ከሰዓት ስጧቸው። አንድ ባልደረባቸው ቢያዝ ማን ጋ እንደሚደውሉ ይወቁ፤ ለፈቃዱም ለነፍሱም የሚጠነቀቅ አንድ ሰው በፋኩልቲው ይመደብ፤ ሲመለስም የመድኃኒት ሳጥን ከማይነካበት ሥራ ላይ ይጀምር። እኔ ወዳጄን የደበቅኩት ስለምወደው ነበር፤ ሌላ በር ቢኖር ግን አንኳኳ ነበር።

ባለፈው ዓመት እህቱን አግኝቼ እውነቱን ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «እናታችን ታውቅ ነበር» አለችኝ። «ክንዱን ሲታጠብ አይታለች። አንቺ እንዳታፍሪ ብላ ነው ዝም ያለችው።»

ሰዓቴ አልቋል፤ የመድረክ መሪው እያዩኝ ነው። አንድ ማስታወቂያ ብቻ። በሩ አጠገብ ያለው ሻንጣ የኔ ነው። ውስጡ የናሎክሶን የአፍንጫ መርጫ አለ፤ አሜሪካ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ከውጭ የመጣችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ ወጣት ያለ፣ በሻይ ሰዓት አንዳንድ ውሰዱ፤ አጠቃቀሙን ሁለት ደቂቃ ላሳያችሁ። ብቻዬን መነጋገር የሚፈልግ ካለ ደግሞ ማታ ከእራት በኋላ ግቢው ውስጥ፣ ድሮ እናጠና የነበረበት አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ስለ ሰው ነው ብሎ ቢጀምርም ስለማን እንደሆነ አልጠይቅም።