ቍጥርና ስም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ አርመኖች ዕልቂት ምን ይናገራል ትሉ ይሆናል። ሙያችን መቍጠርና መመዝገብ ነው፤ እኔም ዛሬ የማነሣው በቍጥር ውስጥ ስላልገቡት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1915 የኦቶማን መንግሥት አርመኖችን ከአናቶልያ ነቅሎ ወደ ሶርያ በረሓ ሲያግዝ፣ ወንዶቹ በብዙ ስፍራ ተለይተው አስቀድመው ተገደሉ። ሴቶችና ሕፃናት በእግር ተነዱ፤ ሌሎችም ለከብት በተሠሩ የባቡር ፉርጎዎች ተጫኑ። ሐዲዱን የዘረጉት የሙያ ባልደረቦቻችን ነበሩ። ከረኀብና ከበሽታ ከተረፉት ብዙ ልጃገረዶች በግድ ተዳሩ፤ ሕፃናትም በየቤቱ ተከፋፍለው ስማቸውና ሃይማኖታቸው ተለወጠ። በሊባኖስ፣ በዐንጡራ የሕፃናት ማሳደጊያ፣ አርመናውያን ልጆች የቱርክ ስምና ቍጥር ተሰጣቸው።

ይህን እንደ ምሕረት የሚቈጥሩ አሉ። ነገር ግን ዘር በአባት በሚቈጠርበት አገር ከዚያች ልጃገረድ የሚወለደው ልጅ የሌላ ወገን ይሆናል፤ እርስዋ በሕይወት ሳለች ወገንዋ በእርስዋ ያልቃል ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ዴንማርካዊቱ ወይዘሪት ካረን ዬፔ በመንግሥታት ማኅበር ሥር በሐለብ መጠለያ ከፍተው ከሺህ የሚበልጡ ሴቶችና ልጆች ተቀበሉ። የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ የወላጆቹ ስምና የትውልድ ስፍራው በመዝገብ ተጻፈ፤ መዝገቡም ዛሬ በጄኔቫ ይገኛል። እንግዲህ መዝገብ በዐንጡራ ስም ቀማ፤ በሐለብ ግን ስም መለሰ።

ያልተመለሱትስ? ብዙዎቹ ወልደው ስለ ነበር ልጆቻቸውን ጥለው መሄድ አልሆነላቸውም። በእኛ አገር ንቅሳት ጌጥ ነው፤ ከተመለሱት አንዳንዶቹ ግን በፊታቸው ላይ የተነቀሰውን ሰማያዊ ምልክት በኀፍረት ሸፍነውታል። በ2004 ቱርካዊቱ ጠበቃ ፈትዬ ቼቲን ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰሄር ይባሉ የነበሩት አያታቸው ሄራኑሽ የተባሉ አርመናዊት እንደ ነበሩ ገለጡ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች የየራሳቸውን አያት ታሪክ መጠየቅ ጀመሩ።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን ወንዶች ልጆች «አርባ ልጆች» እያልን እናስታውሳለን። አገራችን በ1949 የዘር ማጥፋትን ወንጀል ስምምነት በማጽደቅ ከሁሉ ቀድማለች፤ ስምምነቱም የአንድን ወገን ልጆች በግድ ወደ ሌላ ማዛወርን ከመግደል ጋር አብሮ ይዘረዝራል።

ስም ከመቃብር በላይ ነው እንላለን። እነዚህ ሴቶች ስማቸውን ያጡት ከመቃብር በፊት ነው። ስለዚህ ሙታንን ስንቈጥር፣ በሕይወት ሳሉ የተሰረዙትንም አንርሳ።