ወደ ጀማ የሚወርድ የእግር መንገድ



ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ የሚያመራው መንገድ ለሚን እንዳለፈ ደጋው በድንገት ያበቃል። ከገደሉ አፋፍ እስከ ጀማ ወንዝ ድረስ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር ይበልጣል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለእግረኛና ለብስክሌት ጋላቢ መንገድ አዘጋጅቷልና፣ «ለለሚስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሴ «ይሁን፤ ነገር ግን በልክ» የሚል ነው።

በመጀመሪያ፣ ብስክሌት በደጋው ሜዳ ይወሰን። በቁልቁለት ላይ ጎማ የረገጠው አፈር ውሃ አያሰርግም፤ የጎማው ፈለግ በክረምት ቦይ፣ ቦዩም ውሎ አድሮ ቦረቦር ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ የገበያተኛውንና የአህያውን ጥርጊያ ይከተል። አባቶች እየተጠማዘዙ የወረዱት ለትንፋሻቸው ሲሉ ቢሆንም፣ ለአፈሩም በጅቷል።

ሦስተኛ፣ መንገዱ ከውሃው ጠርዝ ይራቅ። የወንዝን ዳር አጥብቆ የሚይዘው እንደ ሾላ ያለ ዛፍ ሥር ነው፤ ሥሩ ዘወትር ከተረገጠ ዛፉ ይደክማል፣ ዛፉ ከወደቀም ዳርቻው ይናዳል። በጀማ ሸለቆ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኝ የቆቅ ዓይነት ይኖራል፤ መጠጊያውም ይኸው የወንዝ ዳር ሣርና ቁጥቋጦ ነው።

ስለዚህ ካርታ ከመዘርጋታችን አስቀድሞ፣ በዚያ ዳገት ሸክሙን ይዞ የሚወጣውን ገበሬ እንጠይቅ። ጎብኚ መጥቶ ይሄዳል፤ ክረምት ያፈረሰውን መንገድ መልሶ የሚጠግነው፣ ራሱ የሚሄድበት ከሆነ፣ የአገሩ ሰው ነው።