«ሥራ፦ የቤት እመቤት»
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ሥርዓተ ፆታ በዩኒቨርሲቲ እንዴት ይጠና ብለን ስንነሳ «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ከገዛ መዝገባችን ይጀምራል።

ለተግባር ልምምድ የመጣች አንዲት የግብርና ተማሪ የብድር ማመልከቻዎቻችንን ስታገላብጥ፣ «ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ በአብዛኛው «የቤት እመቤት» ተብሎ መጻፉን አየች። «ታዲያ ጤፉን የሚያርመው፣ በርበሬውን የሚለቅመው ማን ነው?» አለችን። መልስ አጣን። የጻፍነው እኛው ሂሳብ ያዦቹ ነን። ቡሬ ገበያ በርበሬ የምትነግድ አንዲት አባላችንን «ገቢ የላትም» ብለን መዝግበን፣ ከጠየቀችው ግማሹን ብቻ አበደርናት። በርበሬው በረከሰ ጊዜ ገዝታ ማስቀመጥ አልቻለችም፤ ክረምት ገብቶ ዋጋው ሲወጣ እጇ ባዶ ነበር። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የእኛ ብዕር ነው።

ልብ በሉ፤ የጠየቀችን የግብርና ተማሪ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሥርዓተ ፆታ ጥናት በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄው ግን በአንድ ትምህርት ክፍል ብቻ ተወስኖ ከቀረ ወደ እኛ መንደር አይደርስም።

ግብርናን እንይ። በአገራችን እርፍ ያልጨበጠ ገበሬ አይባልም። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ምርቷን ትካፈላለች። ማን እንደሚያርስ ሳይጠይቅ ምርት የሚቆጥር ባለሙያ ጎተራዋ ለምን እንደጎደለ አያውቅም።

ሕጉንም እንይ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አደረገ። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይም የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይወጣል። ለዚህ ሕግ አዋቂውም፣ መሬት የሚለካውም፣ መዝጋቢውም አስፈልገዋል።

ወደ ሙያችን እንመለስ። ማሪሊን ዋሪንግ የተባለች የኒውዚላንድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ልጅ ማሳደግ ከአገር ሂሳብ ውጭ እንደሚቀሩ አሳየች። እኛ ኮሌጅ ገብተን ዴቢትና ክሬዲት ስንማር ይህን የነገረን አልነበረም። ቢነገረን ኖሮ ያቺ እህታችን አትጎዳም ነበር።

አሁን ፎርሙን ቀይረናል። «ሥራ» በሚለው ፋንታ «ምን ታመርቻለሽ? ምን ትሸጫለሽ? በየትኛው ወር?» ብለን እንጠይቃለን።

እናቶች፣ ልጆቻችሁ ምሕንድስናም ይማሩ ሕክምና፣ ሂሳብም ይማሩ ግብርና፣ «ሴቷ እዚህ ውስጥ የት አለች?» ብለው እንዲጠይቁ ምከሯቸው። ደጋፊዎቻችን፣ ለአባላት ሴት ልጆች የምትሰጡት የትምህርት ድጋፍ በአንድ የትምህርት ዓይነት እንዳይወሰን አደራ እንላለን። ያቺ ተማሪ ግብርና ባትማር ኖሮ ስህተታችንን ማን ያሳየን ነበር?