ጋዜጦቻችንና የአገር ውስጥ ጥበበ እድ



ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን አታትን ብዙ ሰው የሚያውቃት በሆስፒታሏ ነው። ነገር ግን በዚያ አገር በየጓሮው ሴቶች እንሰቱን ፍቀው ለቆጮ የሚሆነውን ከለዩ በኋላ የሚተርፈው ቃጫ፥ ገመድና ጆንያ የሚሠራበት ሀብት ነው። የጉራጌን ቤት ምሰሶ ጠርቦ የሚተክለውም፥ ስሙ እንኳ እንደ ስድብ ሲነገር የኖረው፥ ከርሱም ጋር መጋባት ነውር ተብሎ የቆየው የእንጨት ሠራተኛ ነው። ይህን ሥራ ጋዜጦቻችን «ኢንዱስትሪ» ብለው ሲጠሩት እምብዛም አልሰማንም። ስለምን ይሆን?

ጥንት ቀጥቃጩ ቡዳ፥ ሸማኔው ቁቲት በጣሽ እየተባለ ይሰደብ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ። ቀጥሎም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፥ በ1916 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፥ ጥሬ ዕቃውን ሸጦ የተሠራውን የሚገዛ ሕዝብ እየደኸየ እንደሚሄድ አስረዱ። በ1917 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣም የተማሩ ወጣቶች ጃፓንን ምሳሌ እያደረጉ ስለ ሥልጣኔ የሚከራከሩበት መድረክ ሆነ። በዚያ ዘመን ጋዜጣው የሚጽፈው ገና ስላልተሠራ ነገር ስለ ነበር፥ ቃሉ ሁሉ ምኞትና ቁጭት ነበር።

«አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ግን የሚታይ ነገር መጣ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅም በ1953 ዓ.ም. ተከተለ። የምረቃ ዜና የራሱን መልክ ያዘ፤ ይኸውም ሪባን ተቆረጠ፥ መኪናዎቹ ተጎበኙ፥ ንግግር ተደረገ የሚል ነው። መኪናው መለዋወጫ አጥቶ የቆመ ዕለት ግን ጋዜጠኛ የሚጠራው የለም። በእኔ አስተያየት ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

በጥር 1967 ዓ.ም. ታላላቆቹ ድርጅቶች በመንግሥት ሲወረሱ፥ ትናንት አልሚ የተባለው ባለ ሀብት በዝባዥ ተባለ፤ የምርት ዕቅድም ዜና ሆነ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ የግል ጋዜጦች ስለ ፋብሪካ ሽያጭ፥ ስለ ውጭ ምንዛሪ እጥረትና ስለ መብራት መቋረጥ መጻፍ ያዙ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የውዳሴው ቃል ተመለሰ፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስታስወጣ ደግሞ ሥራዋን ስለምታጣው ሠራተኛ ይጻፍ ጀመር። በዚያው ዓመት «ኢትዮጵያ ታምርት» የተባለው ንቅናቄ ተጀመረ።

አስተያየቱ ይህን ያህል ሲለዋወጥ አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። ጢስ ማውጫ ያለው ሥራ በኢኮኖሚ ገጽ ይጻፋል፤ መጥረቢያና ሸክላ የያዘው እጅ በባህል ገጽ፥ ያውም በበዓል ሰሞን ይታወሳል። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎችስ? ለቢሮ ወንበር ሲገዛ የዕቃውን ዝርዝር የምንጽፈው ከውጭ የመጣ ካታሎግ ዘርግተን ከሆነ፥ የአገሬው አናጢ ገና ሳይወዳደር መውደቁ ነው። ጋዜጠኛውም ያንን አናጢ የባህል ጌጥ አድርጎ እስካቀረበልን ድረስ፥ ጨረታ የሚገባ ባለ ሙያ መሆኑ ትዝ አይለንም።

የቡናን ዋጋ ጋዜጦች ከኒውዮርክ ገበያ እየተከታተሉ ይነግሩናል። እንሰቷን ፍቃ፥ አድርቃ፥ ቃጫውን ተሸክማ ወልቂጤ ገበያ የምትወርደው ሴት ስንት እንደ ተከፈላት ጠይቆ የሚጽፍልንን ጋዜጠኛ ግን ገና እየጠበቅን ነው።